ከርነል ፕሮሰሰሩን የሚያዝባቸው ትንንሽ ሩቲኖች፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

በኦፐሬቲንግ ሲስተም ከርነል (ሃርድዌሩን በቀጥታ በሚያስተዳድረው ዋና ክፍል) ውስጥ አንድ ወይም ሁለት መስመር ብቻ የሆኑ፣ ፕሮሰሰሩን በቀጥታ የሚያዙ ሩቲኖች አሉ። ኢንተራፕት (አንድ መሣሪያ ፕሮሰሰሩን ከያዘው ሥራ የሚያቋርጥበት ጥሪ) መዝጋትና መክፈት፣ የፔጅ ሠንጠረዥ (የሜሞሪ አድራሻዎች ካርታ) መቀየር፣ ፕሮሰሰሩን ማስተኛት፣ ከፖርት (ከመሣሪያ ጋር መነጋገሪያ አድራሻ) አንድ ባይት ማንበብ፤ ሥራቸው በቃ ይኸው ነው። የሲ ቋንቋ በራሱ ኢንተራፕት የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ አያውቅም። ስለዚህ አንዲቷ የአሴምብሊ ትእዛዝ በሲ ፈንክሽን ትጠቀለልና ቀሪው ከርነል በስሟ ይጠራታል።

አብዛኞቹ ልዩ መብት ይጠይቃሉ። ኤክስ86 በሚባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ቤተሰብ ላይ ከርነሉ የሚሠራው ሪንግ 0 በሚባለው ከፍተኛ የመብት ደረጃ ላይ፣ ተራ ፕሮግራም ደግሞ ሪንግ 3 ላይ ነው። ተራው ፕሮግራም ተነስቶ ፕሮሰሰሩን ላስተኛ ቢል ቁጥር 13 የሆነው የጄኔራል ፕሮቴክሽን ስህተት ይነሳና ከርነሉ ፕሮግራሙን ይገድለዋል።

ጽሑፉ የተሰናዳው ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ኮምፒውተር ሳይንስ ለሚማሩ ልጆች ታስቦ ነው። ፖሊ፣ ማለትም የባሕር ዳሩ ፖሊቴክኒክ፣ በ1955 ዓ.ም. ሲከፈት ጨርቃ ጨርቅ፣ ብረታ ብረት፣ እንጨትና ኤሌክትሪክ የሚሠራበት ግቢ ነበር። ማሽን ፈትቶ ማየት የዚያ ግቢ የቆየ ልማድ ነውና ልጆቹ ዛሬ ከርነል ሲፈቱ ቢታዩ አይገርምም። ምሳሌዎቹ በብዛት ኤክስቪ6 ከሚባለው የማስተማሪያ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተወሰዱ ናቸው፤ ኮዱ ትንሽ ነው፣ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይነበባል፣ ኪውኢሙ (ኮምፒውተርን በሶፍትዌር የሚያስመስል ፕሮግራም) ላይ በማንኛውም ላፕቶፕ ይነሳል።

ታሪኩን ባጭሩ። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ስድስተኛው የዩኒክስ እትም ፒዲፒ-11 በተባለው ኮምፒውተር ላይ ኤስፒኤል በሚባሉ ሩቲኖች የፕሮሰሰሩን የቅድሚያ ደረጃ ከፍና ዝቅ ያደርግ ነበር። ኢንቴል በ1978 ባወጣው 8086 ላይ ኢንተራፕት መዝጊያው ሲኤልአይና መክፈቻው ኤስቲአይ ነበሩ፤ ግን ሪንግ የሚባል ነገር ስላልነበረ ማንም ሊዘጋ ማንም ሊከፍት ይችል ነበር። ጥበቃው በ1982 ከ80286 ጋር፣ ፔጂንግና የፔጅ ሠንጠረዡን አድራሻ የሚይዘው ሲአር3 የሚባለው ሬጅስተር በ1985 ከ80386 ጋር መጡ።

ኤክስቪ6 የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ2006 ኤምአይቲ ውስጥ ለማስተማሪያ ነው፤ ያንኑ ስድስተኛውን ዩኒክስ በዘመናዊ ሲ ለኤክስ86 እንደገና መጻፍ ነበር ሐሳቡ። ሩቲኖቹ አንዲት ሄደር ፋይል ውስጥ ተሰብስበዋል። ፖርት ማንበቢያና መጻፊያ፣ የጂዲቲና የአይዲቲ (የሜሞሪ ክፍሎችና የኢንተራፕት ሠንጠረዦች) መጫኛ፣ የፍላግ ማንበቢያ፣ ኢንተራፕት መዝጊያና መክፈቻ፣ ሲአር3 መቀየሪያ፣ እና ሎክ (የጋራ ዳታን በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ እንዲነካ የሚያደርግ ቁልፍ) የሚሠራበት ኤክስቸንጅ። ሊኑክስን ከፍቶ ከመጥፋት ይህቺን ፋይል አንድ ከሰዓት ቁጭ ብሎ ማንበብ ይሻላል፤ በዚህ አልከራከርም።

ከሁሉም ሊብራራ የሚገባው ፑሽሲኤልአይና ፖፕሲኤልአይ የሚባለው ጥንድ ነው። አንድ ኮር (ከፕሮሰሰሩ ራሱን ችሎ ትእዛዝ የሚፈጽም ክፍል) ሎክ ይዞ እያለ ኢንተራፕት ቢመጣና የኢንተራፕቱ ኮድ ያንኑ ሎክ ቢፈልግ፣ ያዡ የተቋረጠው ራሱ ስለሆነ ማንም አይለቀውም፤ ዴድሎክ ነው። ስለዚህ ሎክ ከመያዙ በፊት ኢንተራፕት ይዘጋል። የመጣው ኢንተራፕት ግን ቄሱ ቅዳሴ ገብተው ደጅ እንደቆመ እንግዳ ይጠብቃል እንጂ አይጠፋም። ችግሩ የሚመጣው ሁለት ሎክ ሲደራረብ ነው። አንዱ ሲለቀቅ ኢንተራፕት ቢከፈት ሁለተኛው ሎክ ገና እንደተያዘ ሜዳ ላይ ይቀራል። ኤክስቪ6 ለእያንዳንዱ ኮር ካውንተር ይይዛል፦ ፑሽ ባለ ቁጥር አንድ ይጨምራል፣ ፖፕ ባለ ቁጥር አንድ ይቀንሳል። ከመጀመሪያው ፑሽ በፊት ኢንተራፕቱ ክፍት እንደነበርም ያስታውሳል። የሚከፍተው ካውንተሩ ዜሮ ሲደርስ ነው፣ ያውም መጀመሪያ ክፍት ከነበረ ብቻ።

ኢንተራፕት መዝጋት የሚዘጋው ትእዛዙን የሰጠውን ኮር ብቻ መሆኑን ብዙ ሰው ይዘነጋል። ሌሎቹን ኮሮች የሚከለክላቸው ሎኩ ነው። ሊኑክስ ድሮ በሁሉም ኮር ላይ በአንዴ የሚዘጋ ሩቲን ነበረው፤ ስለሚያንቀራፍፍ በ2.5 ስሪቶች ጊዜ ተወገደ።

ሲአር3 መቀየር ደግሞ የአድራሻ ዓለሙን በሙሉ መቀየር ነው። አዲሱ ሠንጠረዥ የከርነሉን ኮድ ካልያዘ ቀጣይዋ ትእዛዝ የት እንዳለች አትገኝም። ፔጅ ፎልት፣ ከዚያ ደብል ፎልት፣ ከዚያ ትሪፕል ፎልት ይከተልና ማሽኑ ያለ አንዳች የስህተት መልእክት ራሱን ሪስታርት ያደርጋል። ኪውኢሙ እየደጋገመ ከዜሮ ሲነሳ ያየ ተማሪ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ይህን ይሁን። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ሜልትዳውን የተባለው የፕሮሰሰር የደህንነት ክፍተት ይፋ ሲሆን ከርነሎች የተጠቃሚውንና የራሳቸውን ሠንጠረዥ ለያዩ፤ በተጎዱት ፕሮሰሰሮች ላይ ሲአር3 በየሲስተም ኮሉ (ፕሮግራም ከርነሉን አገልግሎት በጠየቀ ቁጥር) መቀያየር ጀመረ። ፍጥነቱን ምን ያህል ጎዳ ለሚለው መልሱ እንደ ሥራውና እንደ ፕሮሰሰሩ ይለያያል፤ ሲስተም ኮል የሚያበዛ ፕሮግራም ላይ ይብሳል።

ኮምፓይለሩም ይታሰብበት። ሲኤልአይን በኢንላይን አሴምብሊ ሲጽፉ ሜሞሪ ይነካል ብለው ካላስጠነቀቁት፣ ኮምፓይለሩ የሜሞሪ ንባብና ጽሕፈትን ከትእዛዟ ወዲያና ወዲህ ማዘዋወር ይችላል። ሊኑክስ ማስጠንቀቂያውን ይጽፋል። ኤክስቪ6 ግን ሲኤልአይ ላይ አይጽፍም፤ ሎኩ ውስጥ ለብቻው ባሪየር (እንዲህ ያለውን ማዘዋወር የሚከለክል አጥር) ያስቀምጣል። የትኛው ይበልጣል የሚለው ምናልባት የአጻጻፍ ምርጫ ይሆናል።

የመጨረሻው ማስተኛው ነው፣ ሃልት። ሥራ ሲጠፋ ፕሮሰሰሩ ኢንተራፕት እስኪመጣ ይቆማል። ጣጣው ያለው ኢንተራፕት ከፍቶ በመተኛት መሃል ነው፤ በዚያች ቅጽበት ቀስቃሹ መጥቶ ቢያልፍ ፕሮሰሰሩ ቀስቃሽ ካለፈ በኋላ ይተኛል። ኢንቴል ለዚህ መላ አለው፦ ተዘግቶ ከነበረ፣ ኤስቲአይ የሚከፍተው ቀጥላ ያለችው ትእዛዝ ካለፈች በኋላ ነው። ስለዚህ ኤስቲአይና ሃልት ተከታትለው ከተጻፉ መሃላቸው የሚገባ ኢንተራፕት የለም።

አርምና ሪስክ-ፋይቭ የሚባሉት ሌሎች የፕሮሰሰር ዓይነቶች የራሳቸው የማስተኛ ትእዛዝ አላቸው። የኤክስ86ቱ ኤክስቪ6 ግን ሥራ ሲያጣም አይተኛም፤ ስኬጁለሩ (ቀጥሎ የሚሠራውን ፕሮግራም የሚመርጠው ኮድ) ዝም ብሎ ይሽከረከራል፣ ኪውኢሙም የላፕቶፑን ኮር መቶ በመቶ ይይዛል። መብራት ጠፍቶ በባትሪ የሚሠራ ሰው አዲሱን የሪስክ-ፋይቭ ስሪት ቢያወርድ ይሻለዋል፤ እሱ ሥራ ሲያጣ ይተኛል።