የአማርኛ ታይፕ ትምህርት፦ ከጽሕፈት መኪናው እስከ 7ኛ ክፍል

በአማርኛ «ታይፕ» ሲባል የጽሕፈት መኪናው ራሱም፣ በመኪናው ወይም በኮምፒውተር መጻፉም ማለት ነው። የታይፕ ትምህርት የሚባለው ግን ጠበቅ ያለ ነገር ነው፤ እያንዳንዱ ጣት የየራሱን ቁልፎች ይዞ፣ ዓይን ከጽሑፉ ላይ ሳይነሣ፣ እጅ ብቻውን መንገዱን እንዲያውቅ ማሠልጠን። በአንድ ጣት እየለቀሙ መጻፍን ማንም ያለ አስተማሪ ይለምደዋል።

አነሳሱ

የቁልፎቹ አደራደር ከአሜሪካ የመጣ ነው። ክሪስቶፈር ሾልስና ባልደረቦቹ የሠሩትን መኪና ሬሚንግተን እ.ኤ.አ. በ1874 ለገበያ አቀረበው፤ ዛሬ በየኮምፒውተሩ የምናየው አደራደር ከዚያ ብዙም አልራቀም። ሳያዩ የመጻፍ ዘዴ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1888 ሲንሲናቲ ከተማ ላይ በተደረገ ውድድር ነው። ፍራንክ መገሪን የተባለ የፍርድ ቤት ቃል ጸሐፊ ቁልፎቹን ሳያይ እየጻፈ ተፎካካሪውን ሉዊስ ትራውብን አሸነፈ።

ለእኛ ፊደል ግን ችግሩ ከፍጥነት በፊት ይጀምራል። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እነ ቋ፣ ኳ፣ ጓ እና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ ቁጥሩ ከዚያም ያልፋል። ይህን ሁሉ በጥቂት ደርዘን ቁልፎች ላይ ማስቀመጥ አይቻልም። መፍትሔውን ከጣሊያን ወረራ በፊት ያመጡት ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። የእንግሊዝኛውን መኪና ለአማርኛ ሲያመቻቹ፣ ሁሉንም ፊደል ከመደርደር ይልቅ ቅርጹን በከፊል መትቶ ቅጥያውን በሌላ ቁልፍ መጨመርን መረጡ። በኋላ የኦሊቬቲ የአማርኛ መኪና በየመሥሪያ ቤቱ ተዳረሰ። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህ አሠራር የፊደላቱን መልክ አበላሽቷል ብለው ይወቅሳሉ። በድሮ ደብዳቤዎች ላይ ቅጥያው ከፊደሉ ሲላቀቅ ስለሚታይ ወቀሳው መሠረት የለውም አይባልም። ይሁን እንጂ ያ መኪና ባይኖር የአገሪቱ መዝገብ ቤት ለብዙ ዘመን በእጅ ጽሑፍ ይቆይ ነበር፤ የኢንጂነሩ ውለታ በቅርጽ ጉድለት የሚቀነስ አይደለም።

ሙያውን በመደበኛ ትምህርት ካስፋፉት ተቋማት ግንባር ቀደሙ በ1935 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ነው፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይገኛል። የጽሕፈት ሥራ ሠልጣኞች በእንግሊዝኛም በአማርኛም መኪና ይለማመዱ ነበር። የያኔ ታይፕ ስሕተትን አይምርም። በካርቦን ሦስት ቅጂ የሚወጣ ደብዳቤ አንድ ፊደል ከተሳሳተ ሦስቱም ላይ ይታረማል፤ የፈተና ወረቀት የሚባዛበት ስቴንስል ከሆነ ደግሞ ስሕተቱን በቀለም ሸፍኖ፣ እስኪደርቅ ጠብቆ፣ መልሶ መምታት ግድ ነው። ብዙ የአማርኛ ጸሐፊዎች ያንን ጥንቃቄ ይዘው ጡረታ ወጥተዋል።

በደርግ ዘመን ትምህርቱ በዚያው አካሄድ ቀጠለ።

ወደ ኮምፒውተር

ግዕዝን በኮምፒውተር የመጻፍ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተጀመረ። የቀዳሚነቱ ጉዳይ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ብዙዎች ዶክተር አበራ ሞላን ያስቀድማሉ፣ ሌሎች አቶ ፍሥሐ አጥላውን ይጠቅሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ፊደልን በላቲን ቁልፍ የመወከያ ሥርዓት አዘጋጁ፤ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ሴራ» ይባላል። ዛሬ ልጆች «እንደሚነገረው መጻፍ» የሚሉት ዘዴ አብዛኛው መሠረቱ ከዚያ ነው።

በዚያ ዘመን የነበረው ችግር እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱ ኮድ የነበረው መሆኑ ነው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። የቁልፍ አደራደሩም ስለሚለያይ በአንዱ የሠለጠነች ታይፒስት በሌላው እንደ ጀማሪ ትሆናለች። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ፣ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶችን አካትቶ ኮዱን አንድ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የተሸጠው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ። የአጻጻፍ ዘዴው ግን አሁንም አንድ አልሆነም፤ ፓወር ግዕዝ የተባለውን የመጻፊያ ሶፍትዌር የለመደና ኪይማን የተባለውን የለመደ ሰው አንድ ኪቦርድ ላይ ሲቀመጡ አይግባቡም።

በ7ኛ ክፍል

በ2015 ዓ.ም. መተግበር በጀመረው ሥርዓተ ትምህርት 7ኛና 8ኛ ክፍል መካከለኛ ደረጃ ሆነው የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ትምህርት ገብቶላቸዋል። ታይፕ በዚህ ትምህርት ውስጥ ትንሽ ክፍል ነው፤ እኔ እንደ አስተማሪነቴ ከሁሉም ይልቅ በልጆቹ እጅ ላይ የሚቀረው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ተማሪው ወደ ክፍል የሚመጣው በስልክ የሠለጠኑ ሁለት አውራ ጣቶች ይዞ ነው። በኪቦርድ ላይ አውራ ጣት ያለው ሥራ ክፍት ቦታ መምታት ብቻ ስለሆነ መጀመሪያ የሚከብደው እነሱን ማሳረፍ ነው። ቀጥሎ ኤፍ እና ጄይ ላይ ያሉትን ትንንሽ እብጠቶች ዓይኑን ጨፍኖ በሌባ ጣቶቹ እንዲፈልግ ይደረጋል። ሌሎቹ ጣቶች ከዚያ ግራና ቀኝ ይደረደራሉ። ኮምፒውተሩ ለሦስት ተማሪ አንድ ሲሆን፣ ወይም መብራት ሲጠፋ፣ በካርቶን ላይ በልኩ የተሣለ ኪቦርድ ያገለግላል። ጣት ቦታውን ለማወቅ መብራት አያስፈልገውም።

ልምምዱ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ የማስተማሪያ ፕሮግራም ይሰጣል። ጉድለቱ እዚህ ላይ ነው፤ ትርጉም የሌላቸው ፊደላት ሲደጋገሙ ልጁ ይሰለቻል። ጣቶቹ የሚያርፉበት የመሐለኛው ረድፍ ግን ለአማርኛ የተዘጋጀ ሀብት አለው። ተነባቢው ብቻውን ሲመታ ሳድሱን በሚሰጠው ዘዴ «ልጅ»፣ «ስልክ»፣ «ክፍል»፣ «ድል»፣ «ልክ» ጣት ከቦታው ሳይነሣ ይጻፋሉ። ኤይ ስትጨመር «ካሳ»፣ «ዳስ»፣ «ሳል» ይመጣሉ። ልጁ በመጀመሪያው ቀን «ስልክ» የሚለውን ቃል ሳያይ ጽፎ ስክሪኑ ላይ ሲያገኘው የሚያሳየውን ፊት ማየት ለአስተማሪ በቂ ደመወዝ ነው።

ከዚያ በኋላ አማርኛ የራሱን ፈተና ያመጣል። «ደ»ን ለመጻፍ ዲ እና ኢ የሚባሉትን ቁልፎች የሚመታው አንድ ጣት ነው፤ የግራው የመሐል ጣት። «ኑ»፣ «ሙ»፣ «ሁ»፣ «ዩ» እና «ጁ» ሁሉም በቀኝ ሌባ ጣት ላይ ይወድቃሉ፤ «ኪ» በቀኙ የመሐል ጣት፣ «ሎ» በቀለበት ጣት። ስለዚህ ልጁ «ኑ» ብሎ ሲጽፍ ሌባ ጣቱ ከታች ረድፍ ወደ ላይ መዝለል አለባት። የእንግሊዝኛው መልመጃ ይህን ዝላይ አያዘጋጅለትም። «ጠ»፣ «ጨ»፣ «ጰ»፣ «ጸ» ደግሞ ሺፍት ይፈልጋሉ። «ጠረጴዛ» በሴራ አካሄድ ስምንት ምት ነው፤ ከስምንቱ ሦስቱ በሺፍት። ሺፍቱን የሚይዘው ከፊደሉ በተቃራኒ ያለው እጅ ትንሿ ጣት መሆኑን ያልለመደ ልጅ «ተረፔዛ»ን ወይም ከዚያ የባሰ ነገር ይጽፋል።

በቴሌግራም አማርኛን በላቲን መጻፍ የለመዱ ልጆች ፈጥነው ይገባሉ፤ ነገር ግን የራሳቸውን ልማድ ይዘው ነው። ለ«ሽ» ኤስ እና ኤችን አከታትለው ይመቱና «ሽሮ» ያሉት «ስህሮ» ሆኖ ይወጣል፤ በሴራ ቁልፏ ኤክስ ናት። ንጉሡ «ሠ» እና እሳቱ «ሰ»፣ ሐመሩ «ሐ» እና ብዙኃኑ «ኀ» ሌላው ጣጣ ናቸው። ተጨማሪ ምት ስለሚጠይቁ ተማሪ ቀላሉን ይመርጣል። ኪቦርድ የፊደላቱን ልዩነት እያጠፋ ነው የሚሉ አሉ፤ መደባለቁ በእጅ ጽሑፍም የቆየ ስለሆነ ሁሉንም በኪቦርድ ማሳበብ ይከብዳል። እኔ ግን «ንጉሥ»ን በትክክለኛው «ሥ» ያልጻፈ ተማሪ ነጥብ አልሰጥም።

የፍጥነት ልኬቱም መስተካከል አለበት። በእንግሊዝኛ አንድ «ቃል» የሚባለው ክፍት ቦታውን ጨምሮ አምስት ምት ነው። «ኢትዮጵያ» አምስት ፊደል ብትሆንም በሴራ ሰባት ምት ትወስዳለች። ስለዚህ በእንግሊዝኛው ፕሮግራም የሚወጣው ቁጥር የአማርኛውን ችሎታ አያሳይም። እኛ ክፍል ውስጥ የምንቆጥረው በደቂቃ የተጻፈውን ፊደል ነው፤ ስሕተት የተገኘበት ቃል ሙሉ በሙሉ ይቀነሳል፣ እጁን ለማየት ወደ ታች ያጎነበሰ ተማሪም ከመጀመሪያው ይጀምራል።