የደሴ የዕለት ተዕለት ኑሮ በፎቶግራፍ

የደሴ የዕለት ተዕለት ኑሮ ፎቶግራፎች ሲባል በዚህ ዳሰሳ የሚወሳው በከተማዋና በጎረቤቷ በኮምቦልቻ ነዋሪዎች እጅ ያለው የአልበም፣ የግድግዳና የሻንጣ ፎቶ ነው። ለጋዜጣም ሆነ ለታሪክ መጽሐፍ ተብሎ ያልተነሣ ሲሆን የገበያ መንገድ፣ ቡና የተፈላበት ጓዳ፣ የትምህርት ቤት ግቢ ወይም ደጃፍ ላይ ፀሐይ የሚሞቁ አረጋውያን ይታዩበታል። ደሴ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በጦሳ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ኮምቦልቻ ደግሞ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ለተጓዘ ሰው ሜዳው ላይ ይጠብቀዋል። ልዩነቱ በፎቶዎቹም ላይ ይነበባል፤ ከደሴዎቹ ጋቢና ጉም፣ ከኮምቦልቻዎቹ ፀሐይና ጋሪ አይጠፋም።

ከተማዋን መናገሻቸው ካደረጉት ከንጉሥ ሚካኤል ዘመን የቀሩት ምስሎች በአብዛኛው የመኳንንት ናቸው፤ ተራው ሰው ቢኖርባቸው እንኳ አጃቢ ሆኖ ነው።

ደሴ በዓለም ፊት በሰፊው የታየችው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እዚያው ነበሩ፤ የውጭ አገር ጋዜጠኞችና ፎቶ አንሺዎችም ተከትለዋቸው መጥተው ስለ ነበር የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ጭምር መመታቱ ሳይውል ሳያድር ለዓለም ተሰማ። ንጉሠ ነገሥቱ ከፀረ አውሮፕላን መትረየስ ኋላ ሆነው የሚታዩበት ፎቶም እስከ ዛሬ ከደሴ ስም ጋር ይነሣል። ጣሊያኖች ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማዋን ከያዙ በኋላ እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ መንገዱን፣ ሕንፃውንና ሰልፉን ለራሳቸው ክብር ሲያነሡ ቆይተዋል። ሆኖም ለዛሬው ተመልካች ከእነዚህ ሥዕሎች የሚጠቅመው ብዙ ጊዜ ከጠርዙ ያለው ነው፤ በሰልፉ ዳር እንጨት ተሸክማ የምታልፈው ሴት ለካሜራው ብላ አልቆመችም፣ አረማመዷም የደሴ ዳገት አረማመድ ነው።

ሁለተኛው የውጭ ካሜራ ዘመን ረሃብን ይዞ መጣ። በ1966 ዓ.ም. በብሪታንያ ቴሌቪዥን የቀረበው የወሎ ረሃብ ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ማለትም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ቀን ዋዜማ፣ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም የወጣው ምስል ዓለምን አዳረሰ። እውነትነታቸው የማይካድ ቢሆንም የአንድን ሕዝብ መልክ በመከራው ብቻ አስቀርተዋል፤ በዚያው ዓመት በደሴ ሰርግ እንደ ተሰረገ፣ ልጅ ክርስትና እንደ ተነሣና ዓረፋ እንደ ተከበረ የሚናገረው የቤተሰብ አልበም ነው።

አልበሙን የሞላው ፎቶ ቤቱ ነበር። ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሊነሣ የሄደ ወጣት ጸጉሩን አበጥሮ፣ አንዳንዴም የጓደኛውን ኮት ተውሶ፣ በቀለም የተሳለ መጋረጃ ፊት ሙሉ ቁመቱን ሳይነሣ አይመለስም ነበር። ከጀርባው «ለማይረሳው ጓደኛዬ ማስታወሻ ይሁንህ» ብሎ ይጽፍበታል፤ ቀኑን መጻፍ ግን ይረሳል። ስለዚህ ዘመኑን የሚነግረን አፍሮው፣ ሰፊ እግር ያለው ሱሪ ወይም የደርጉ ዘመን ካኪ ነው። ከፎቶ ቤት ውጭ ያለው ሥዕል ደግሞ አብዛኛው የትርፍ ፊልም ውጤት ይመስላል። ለሰርግ የተገዛ ባለ 24 ወይም ባለ 36 ፊልም ሙሽሮቹ ከሄዱ በኋላ ሁለት ሦስት ሲተርፈው፣ ሳያልቅ ለማጠቢያ መስጠት ብክነት ስለ ሆነ፣ አንሺው ወደ ደጅ ወጥቶ ያገኘውን ያነሣበታል፦ ድስት የሚያጥቡ ጎረቤቶች፣ የፈረሰ ዳስ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ በላይ የቆመ ጦሳ። ከሙሽሮቹ ፎቶ ይልቅ እነዚህ ዛሬ ረዘም ላለ ጊዜ ይታያሉ፤ ድስት ከሚያጥቡት አንዷ አንገቷ ላይ ማተብ፣ ሌላዋ ሻሿ ላይ ሒጃብ መኖሩ ወሎን ለሚያውቅ አዲስ ነገር አይደለም። የሃይማኖት አባቶች መነሣት አይወዱም ነበር የሚባለው ግን እንደየሰዉ የሚለያይ ይመስላል።

የፎቶዎቹ ዕድሜ በአጠባው ይወሰናል። በሚገባ ታጥቦ የወጣ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አሥርት ዓመታትን ሲሻገር፣ የማጠቢያው መድኃኒት በውኃ ተጠርጎ ያልወጣለት እየቆየ ወደ ቢጫና ቡናማ ይለወጣል። የቀድሞዎቹ የቀለም ፎቶዎች ሰማያዊ አረንጓዴው ቀለማቸው ቀድሞ ስለሚደበዝዝ መላው ሥዕል ይቀላል፤ የደሴ ሰማይም በብዙ አልበም ውስጥ ሮዝ ሆኖ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዳ ቡናው እስኪደርስ እንዲያይ አልበም ማቀበል የቆየ ልማድ ነው፤ ሙጫ ያለበት ገጽ ግን ፎቶውን ያበላሻል፣ ክረምቱም ሳይጠበቅ ሻጋታ ይዞ ይመጣል።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ሁለቱም ከተሞች ተይዘው ሲዘረፉ አልበም ትቶ የሸሸ ብዙ ነው። ከዚያ ወዲህ የተረፈውን ፎቶ በስልክ እንደገና ማንሣት ተለምዷል። በእርጥበት ከመስተዋቱ ጋር የተጣበቀ የግድግዳ ፎቶ ከነመስተዋቱ ይነሣል፤ በዚህ የተነሣ በ1960ዎቹ ከቆሙት ሙሽሮች ደረት ላይ ስልክ የያዘች የልጅ ልጅ እጅ ተንጸባርቆ ይታያል።