በእንግሊዝ ኖን-ሊግ እግር ኳስ «የጎንዮሽ ሽግሽግ» ምንድን ነው?

የደቡብ ዌልሱ የእግር ኳስ ክለብ መርተር ታውን በ2024/25 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የውድድር ዘመን የ«ሳውዘርን ሊግ ፕሪሚየር ሳውዝ» ሻምፒዮን ሆነ። የሊጉ ስም ላይ «ደቡብ» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ተጽፏል። አንድ እርከን ሲያድግ የተመደበው ግን «ናሽናል ሊግ ኖርዝ» ውስጥ፣ ማለትም ሰሜን ነው። በ2025/26 ከሄደባቸው ሜዳዎች አንዱ በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ባሕር ዳርቻ የሚገኘው የሳውዝ ሺልድስ ሜዳ ሲሆን፣ መንገዱ ለመሄጃ ብቻ 500 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

የኦክስፎርድ ሲቲ ጉዳይ ደግሞ የባሰ ነው። በ2023 ያደገው ከደቡቡ ምድብ ነበር፤ በዓመቱ ሲወርድ የተቀመጠው ሰሜኑ ውስጥ ነው። ከተማዋ እዚያው ነች፤ የተነሣው በካርታው ላይ የተሠመረው መስመር ነው።

የዚህ መስመር መነሣት አንድን ክለብ ሳያድግም ሳይወርድም፣ ባለበት እርከን ላይ እንዳለ፣ ከአንዱ ምድብ ወደ ሌላው ሲወስደው ነው የጎንዮሽ ሽግሽግ (በእነሱ አጠራር «ላተራል ሙቭ») የሚባለው። የሚወስነው ውድድሩን የሚመራው የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር፣ ኤፍኤ ነው። ክለቡ ይግባኝ ማለት ይችላል። ይግባኝ ሰሚው ግን አንዱን ቢመልስ ሌላውን በምትኩ መላክ ስላለበት ቀላል አይደለም።

ነገሩ እንዲገባን እርከኖቹን ቶሎ እንያቸው። ከፕሪሚየር ሊግ እስከ ሊግ ቱ ያሉት አራት ሊጎች 92 ክለቦችን ይይዛሉ። ከእነሱ በታች ያለው ሁሉ ኖን-ሊግ ይባላል። ስሙ ሊግ የሌለው ያስመስለዋል እንጂ ሊግስ የሞላው እዚያ ነው። እርከኖቹ «ስቴፕ» እየተባሉ ይቆጠራሉ። ስቴፕ 1 ናሽናል ሊግ ነው፤ 24 ክለቦች ያሉት፣ ለአገሩ ሁሉ አንድ የሆነ ምድብ። ስቴፕ 2 ሰሜንና ደቡብ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። ስቴፕ 3 አራት ምድብ፣ ስቴፕ 4 ስምንት ምድብ አለው። ከዚያ በታች ስቴፕ 5 እና 6 በየአካባቢው ተበታትነው ከ30 በላይ ምድቦች ይሆናሉ። ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ምድቦቹ ይበዛሉ፣ መንገዱም ያጥራል፤ ሐሳቡ ቢያንስ እንደዚያ ነው።

ስቴፕ 1 ላይ መስመር የለም፤ ስለዚህ ሽግሽግም የለም። በ2025 ትሩሮ ሲቲ ከኮርንዎል ወደዚህ እርከን የደረሰ የመጀመሪያው ክለብ ሲሆን፣ ሰሜን ጫፍ ካለው ጌትስሄድ ጋር መጫወት ግዴታው ሆነ። ርቀቱ 730 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ጎንደር እንደማለት። ተመልሶ መምጣትም አለ።

ሽግሽጉ የሚጀምረው ከስቴፕ 2 ነው፤ መነሻውም ተንኮል ሳይሆን የመደመርና የመቀነስ ጉዳይ ነው። በ2025/26 በነበረው አሠራር ሰሜንና ደቡብ 24፣ 24 ክለብ አላቸው። የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ከእያንዳንዳቸው 2 ያድጋሉ፣ 4 ይወርዳሉ። በየምድቡ 18 ይቀራሉ ማለት ነው። አዲስ የሚመጡት 12 ናቸው፤ 4ቱ ከላይ ወርደው፣ 8ቱ ከስቴፕ 3 አድገው። ከ12ቱ 8ቱ የደቡብ ሰዎች ቢሆኑ ደቡብ 26፣ ሰሜን 22 ይሆናል። ስለዚህ ከደቡቡ ሁለት ክለብ ተነሥቶ ሰሜን መሄድ አለበት። የሚነሣው በሠንጠረዡ የመጨረሻው ሳይሆን በካርታው ላይ ለመስመሩ የቀረበው ነው። ጥሩ ተጫወተ አልተጫወተ እዚህ ላይ አይቆጠርም።

አሁን ወደ ስቴፕ 3 ዝቅ ብለን ከየት ከየት እንደሚያድጉ ብናይ፣ ሚዛኑ ለምን ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን እንደሚያዘነብል ይገለጻል። አራቱ ምድቦች እያንዳንዳቸው ሁለት ክለብ ወደ ላይ ይልካሉ። ከአራቱ ሰሜን የሚባለው «ኖርዘርን ፕሪሚየር ሊግ» ብቻ ነው። «ኢስሚያን» የለንደንና የዙሪያዋ ነው፤ «ሳውዘርን ሳውዝ» የደቡብ ምዕራቡ፤ «ሳውዘርን ሴንትራል» የመካከለኛው እንግሊዝ። ስለዚህ በየዓመቱ እርግጠኛ የሰሜን ክለቦች 2፣ እርግጠኛ የደቡብ ክለቦች 4፣ ወዲያም ወዲህም ሊባሉ የሚችሉ 2 ያድጋሉ ማለት ይቻላል። ከየምድቡ የሚወርዱት ግን እኩል 4፣ 4 ናቸው። ደቡቡ ይሞላል፣ ሰሜኑ ይጎድላል፤ ጉድለቱን የሚሞሉት የመሐል አገር ሰዎችና ዳር ላይ ያሉት ናቸው። ግሎስተር ሲቲ ለዓመታት ሰሜን ውስጥ የኖረው፣ ቤድፎርድ ታውንም በ2025 አድጎ ሰሜን የገባው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ የቢሾፕስ ስቶርትፎርድ ነው። ከተማዋ የለንደን ስታንስቴድ አውሮፕላን ማረፊያ ጎረቤት ናት። ክለቡ በ2023 ከኢስሚያን ሲያድግ ሰሜን ተባለ፤ በዚያው ዓመትም የምድቡ መጨረሻ ሆኖ ወረደ። ለውድቀቱ መንገዱን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ አይቻልም። ሆኖም ዳርሊንግተን፣ ሳውዝ ሺልድስና ብላይዝ እየተመላለሰ የሚያሳልፈው ቅዳሜ፣ ለንደን ዙሪያ ከሚያሳልፈው ቅዳሜ ጋር አንድ አይደለም።

መንገዱ ረዘመ ማለት በተግባር ምን ማለት ነው? በዚህ እርከን አብዛኞቹ ተጫዋቾች ሌላ ሥራ ያላቸው ናቸው፤ አስተማሪ፣ ኤሌክትሪሻን፣ ዕቃ አመላላሽ። የቅዳሜው ጨዋታ በ3፡00 ሰዓት በእነሱ አቆጣጠር፣ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ይጀምራል፤ ማለዳ ተነሥቶ መድረስ ይቻላል። ችግሩ ማክሰኞ ማታ ነው። ጨዋታው በእነሱ 7፡45 (በእኛ ማታ 1፡45) ላይ ይጀምርና በእነሱ አሥር ሰዓት (በእኛ ማታ አራት ሰዓት) ሲቃረብ ያልቃል። ከዚያ ገላ መታጠብ፣ አንድ ነገር መቅመስ፣ አውቶቡስ መሳፈር አለ። ሦስት ሰዓት የሚያስነዳ መንገድ ከሆነ ተጫዋቹ ሌሊት ሰባት ተኩል (በእነሱ 1፡30) ቤቱ ይገባል፤ ጠዋት ሥራ አለው። ለሄደበትም ከቀትር በኋላ ያለውን ግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቋል።

ከዚያ የሹፌሩ ሕግ ይመጣል። በብሪታንያ የአውቶቡስ ሹፌር በቀን መንዳት የሚችለው በመሠረቱ 9 ሰዓት ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን 10 ሰዓት ይፈቀድለታል። አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ 45 ደቂቃ ማረፍ አለበት። አውቶቡሱ ራሱ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይሄድ የፍጥነት መገደቢያ ተገጥሞለታል። እነዚህን አንድ ላይ ስናያቸው አንድ ወሰን ይወጣል፤ ለመሄጃ ብቻ ከአምስት ሰዓት በላይ የሚፈጅ ጉዞ በአንድ ሹፌር ደርሶ መልስ አይሆንም። መርተር ሳውዝ ሺልድስ ሲሄድ ስድስት ሰዓት ግድም ይነዳል፤ ስለዚህ ወይ ሁለት ሹፌር ይከፍላል፣ ወይ ሆቴል ያድራል። ሆቴል ማደር ማለት ለተጫዋቾች፣ ለአሠልጣኞችና ለሐኪሙ ሁሉ ክፍል መያዝ ነው። ክለቡ የሚሸጋሸገው በአንድ መስመር ነው፤ ወጪው ግን እንዲህ በየደረጃው እየዘለለ ይጨምራል።

ስቴፕ 5 እና 6 ላይ ብዙ ጊዜ አውቶቡስም የለም። ተጫዋቾች በየመኪናቸው ተዳብለው ይሄዳሉ፤ አንዱ መኪና ቢበላሽ አራት ተጫዋች ቀረ ማለት ነው።

የወጪው ሌላ ገጽ ገቢው ነው፤ የክለቦቹ ልዩነት የሚጎላውም እዚህ ላይ ነው። በሊግ ጨዋታ የመግቢያው ገንዘብ ለባለ ሜዳው ይቀራል። ስለዚህ አንድ ትንሽ ክለብ ማን እንግዳ ሆኖ እንደሚመጣለት እጅግ ያሳስበዋል። ቤሪ በ2019 ከእግር ኳስ ሊጉ ከተባረረ በኋላ ስቴፕ 5 ላይ ሆኖ እንደገና ሲጀምር፣ በሜዳው በጊግ ሌን በአማካይ ከ3,000 በላይ ተመልካች ይገባለት ነበር። አብረውት ከሚጫወቱት ብዙዎቹ ሁለት ሦስት መቶ ሰው ከመጣላቸው ደስ ይላቸዋል። ቤሪ ወደ እነሱ ሲመጣ የሚከተለው ደጋፊ የዓመቱን ትልቁን ገቢ ያመጣላቸዋል፤ የሻይ ቤቱና የመጠጥ ቤቱ ሽያጭ ሳይቆጠር። በ2012 ዳርሊንግተን ስቴፕ 5 ላይ ወዳለው ኖርዘርን ሊግ (ከኖርዘርን ፕሪሚየር ሊግ የተለየ ነው) ሲወርድም በዚያ ላሉት ትናንሽ ክለቦች ተመሳሳይ በረከት ነበር። እንግዲህ ይህን ዓይነት ጎረቤት ይዞ የኖረ ክለብ ወደ ሌላ ምድብ ሲሸጋሸግ፣ 20 ኪሎ ሜትር ላይ ካለ ባላንጣ ጋር ከሚደረግ የገና ሰሞን ጨዋታ ይልቅ፣ 300 ኪሎ ሜትር ርቆ አሥራ አምስት ደጋፊ ይዞ የሚመጣ ቡድን ያስተናግዳል። ወጪው ጨመረ፣ ገቢው ቀነሰ፤ ሁለቱም በአንድ ደብዳቤ።

ሎስቶፍት ታውን የዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ሎስቶፍት በብሪታንያ የመጨረሻዋ ምሥራቃዊ ከተማ ናት፤ ከእሷ ወዲያ ባሕር ነው። በ2018 ስቴፕ 3 ከሦስት ምድብ ወደ አራት ሲሰፋ፣ ሎስቶፍትና የክፍለ ሀገሩ ልጆች ሊስተንና ኒደም ማርኬት ከኢስሚያን ተነሥተው ሳውዘርን ሴንትራል ውስጥ ተቀመጡ። ለንደን አካባቢ ሲጫወቱ የነበሩት አሁን ስታውርብሪጅና ሬዲች፣ በርሚንግሃም ማዶ፣ መሄድ ጀመሩ፤ ለሎስቶፍት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የምድቡ መጨመር የታሰበው መንገድ ለማሳጠር ነበር፤ ለብዙዎቹ አሳጥሯል፣ ለዳሮቹ ግን አስረዝሟል። መስመር ሲበዛ ዳርም ይበዛል።

ይህን ቀድመው ያወቁት የኖርዘርን ሊግ ክለቦች ናቸው። በ1889 የተመሠረተው ይህ ሊግ የሰሜን ምሥራቁን ቡድኖች አጠጋግቶ ይይዛል። ሻምፒዮኖቹ ለዓመታት «አናድግም» ይሉ ነበር፤ ማደግ ማለት በማክሰኞ ማታ እስከ ሊንከንሺር መንዳት ነውና። ውጤቱ በዋንጫ ታየ። የስቴፕ 5 እና 6 ክለቦች በሚወዳደሩበት ኤፍኤ ቬዝ፣ ከ2009 እስከ 2017 ከተደረጉት 9 የፍጻሜ ጨዋታዎች 8ቱን ያሸነፉት የኖርዘርን ሊግ ክለቦች ናቸው። ዊትሊ ቤይ ብቻውን ከ2009 እስከ 2011 ሦስቱን በተከታታይ ወስዷል። ከእርከናቸው በላይ የሆኑ ቡድኖች ከእርከናቸው በታች ቆይተው ነበር ማለት ነው። በኋላ ደንቡ ጠበቀ፤ ሻምፒዮን ሆኖ እንደ ፈቀዱ መቅረት አበቃ።

በደሴቶቹ ላይ ደግሞ መስመር ማሥመር ራሱ ከንቱ ነው፤ ስለዚህ ሌላ መላ ተገኘ። በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው ባሕር ላይ ያለችው የገርንዚ ደሴት ክለብ፣ ገርንዚ ኤፍሲ፣ በ2011 ወደ እንግሊዝ ሊጎች ሲገባ፣ እንግዶቹ ወደ ደሴቲቱ የሚመጡበትን የጉዞ ወጪ ራሱ እንዲሸፍን ተስማማ። ይኸው ክለብ ከሜዳው ውጪ ለመጫወት ይበራል፣ በሜዳው ለመጫወትም ያስበርራል። ጉሙ ከወረደ አውሮፕላን አይነሣም፤ የተላለፉት ጨዋታዎች ተደራርበው ሚያዝያ ላይ በየሁለት በየሦስት ቀኑ መጫወት ይመጣል።

የአየር ጠባይ ነገር ከተነሣ፣ ሽግሽጉ የሚያንገበግበው በክረምታቸው ነው። የጨዋታ መርሐ ግብር የሚያወጡት ሰዎች ረጅሙን ጉዞ ቅዳሜ ላይ፣ የጎረቤቱን ጨዋታ ማክሰኞ ላይ ለማድረግ ይሞክራሉ፤ ይህ ጥሩ አሠራር ነው፤ እስኪዘንብ ድረስ። የእነዚህ ክለቦች ሜዳ ውኃ የሚያሳልፍበት ዘመናዊ ቦይ ብዙ ጊዜ የለውም። ታኅሣሥና ጥር ላይ ይጨቀያል ወይም በረዶ ይሆናል። ዳኛ ጠዋት መጥቶ ሜዳውን ያያል። ፍተሻው እንግዳው ቡድን ከመነሣቱ በፊት ካልተደረገ፣ ጨዋታው መሰረዙ የሚሰማው አውቶቡሱ ግማሽ መንገድ ላይ ሳለ ነው፤ ኪራዩ ግን አይመለስም። የተሰረዘው የቅዳሜ ጨዋታ ደግሞ የሚተካው በአብዛኛው ማክሰኞ ማታ ነው። በጥንቃቄ ቅዳሜ ላይ የተቀመጠው ያ ረጅም ጉዞ አሁን በሥራ ቀን ሌሊት ሆነ። አንዳንድ ክለቦች ሰው ሠራሽ ሣር የሚያነጥፉት ለዚህም ጭምር ነው፤ ሊግ ቱ የደረሰ ግን መንቀል አለበት፣ እዚያ አይፈቀድምና። ሳተን ዩናይትድ በ2021 ሲያድግ የሆነው ይኸው ነው።

ምደባው ይፋ የሚሆነው ግንቦት ውስጥ ነው። ዝርዝሩን ስታዩ የመጀመሪያ ሥራችሁ ከየምድቡ መሐል የራቁትን ሁለት ሦስት ክለቦች መፈለግ ይሁን። ዝርዝሩ ወጣ ማለት ደግሞ አለቀ ማለት አይደለም። ሰኔ ላይ አንድ ክለብ ገንዘብ አልቆበት ቢዘጋ፣ ወርዶ የነበረ ሌላ ክለብ ይተርፋል፤ የተረፈው የሰሜን፣ የተዘጋው የደቡብ ከሆነ መስመሩ እንደገና ይነሣል፤ አውቶቡስ የተከራየም እንደገና ይደውላል።