ሚረር እና ክሎን፦ ፋይል መገልበጥ ሌላ፣ ሲስተም ድራይቭ ማባዛት ሌላ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኮምፒውተር ጥገና ቤት ገብታችሁ ትንሽ ብትቆዩ «ያለውን ሁሉ ወደዚህኛው ሃርድ ዲስክ ገልብጥልኝ» የሚል ደንበኛ አይጠፋም። ጥያቄው አንድ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሁለት ሥራ አለ።

ሚረር ማለት የአንድ ፎልደርን ይዘት ሌላ ዲስክ ላይ እንዳለ አስቀምጦ ሁለቱን እኩል ማድረግ ነው። መጀመሪያ ሁሉንም ይገለብጣል፣ ከዚያ በኋላ የተቀየረውን ብቻ ስለሚወስድ ፈጣን ነው። ለዚህ ሥራ ሮቦኮፒ የሚባለው በኮማንድ የሚሠራ ፕሮግራም ከቪስታ ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣል። ሊኑክስ ላይ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው አርሲንክ አለ። ኮማንድ መጻፍ የሚከብደው ሰው ፍሪፋይልሲንክን በማውዝ ይጠቀማል።

ችግሩ «እኩል» የምትለዋ ላይ ነው። ከዋናው የተሰረዘ ነገር ከቅጂውም ይሰረዛል። የጥርን ሰርግ የያዘ ፎልደር ሳያውቅ አጥፍቶ ማታ ሚረር ያስነሳ ቪዲዮ ቤት ጠዋት ሁለቱም ጋ ባዶ ነው የሚጠብቀው። ፋይል ቆልፎ ብር የሚጠይቅ ቫይረስ ከገባም የተቆለፈው ፋይል በጤነኛው ላይ ይጻፍበታል። ስለዚህ ሚረርን ብቻውን ባክአፕ ማለት አይዋጥልኝም። ፍሪፋይልሲንክ የሚሰረዘውን ወደ ሌላ ፎልደር እንዲያዛውር ማዘዝ ይቻላል፤ ይቺን ሳታስተካክሉ አትጀምሩ።

ክሎን ደግሞ ዲስኩን ከነፓርቲሽኑ (ዲስኩ ከተከፋፈለባቸው ክፍሎች ጋር)፣ ከነማስነሻው ነው የሚያባዛው። ድራይቭ ሲን ኮፒ ፔስት አድርጎ ዊንዶውስ ይነሳልኛል ብሎ የሚጠብቅ ብዙ ነው፤ አይነሳም። ማስነሻ ፋይሎቹ ያሉት በአዳዲሶቹ ማሽኖች ላይ ብዙ ጊዜ 100 ሜጋባይት በምትሆን የተደበቀች ፓርቲሽን ውስጥ ነው፣ የሬጅስትሪ ፋይሎችን (የዊንዶውስና የፕሮግራሞች ሴቲንግ የሚቀመጥባቸውን) ደግሞ ዊንዶውስ እየሠራ ሳለ ቆልፎ ስለሚይዛቸው በተራ ኮፒ አይወጡም። ክሎን ሲደረግ ግን ፓወር ግዕዙም፣ ፒችትሪውም፣ የፕሪንተር ድራይቨሩም እንደነበረ ይመጣል። ቫይረስ ካለም እሱም ይመጣል።

ለዚህ ሥራ ክሎንዚላ ነፃ ነው፣ ከፍላሽ ይነሳል። መልኩ አያምርም፣ ሥራውን ግን ይሠራል። በተለመደው አሠራሩ ተቀባዩ ዲስክ ከዋናው እንዲያንስ አይፈልግም። ከ500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ወደ 240 ጊጋ ኤስኤስዲ ለመሻገር መጀመሪያ ፓርቲሽኑን ማሳነስ ግድ ነው፤ ያም የሚሆነው የተያዘው ቦታ ከ240 በታች ከሆነ ብቻ ነው።

መብራትን አትርሱ። ደብረ ሲናም ሆነ ሸዋ ሮቢት፣ ሚረር መሃል ላይ መብራት ቢሄድ ሲመለስ ያለቁትን ፋይሎች አልፎ ይቀጥላል። ክሎን ግን ቢቋረጥ ብዙውን ጊዜ ከሀ ነው የሚጀመረው፣ ስለዚህ ዴስክቶፕ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ ባይሞከር ይሻላል።

ክሎኑ እንዳለቀ ኮምፒውተሩን አጥፉና አሮጌውን ዲስክ ንቀሉ። ሁለቱ ዲስኮች አንድ ዓይነት መለያ ቁጥር ስለሚይዙ አብረው ከተሰኩ ዊንዶውስ አንዱን ኦፍላይን ሊያደርገው፣ ማለትም ተሰክቶም እንዳይከፈት ሊያደርገው ይችላል። ሌላ ማሽን ላይ መክተትም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው፦ ላይሰንሱ አብዛኛውን ጊዜ ከማዘርቦርዱ ጋር የታሰረ ነው፣ በድሮው የማስነሻ ሥርዓት በባዮስ የተጫነ ዲስክ ደግሞ አዲሱን ዩኢኤፍአይ ብቻ በሚያውቅ ማሽን አይነሳም። አዲሱ ለብቻው ተነስቶ፣ ፕሪንተሩም አትሞ እስክታዩ ድረስ አሮጌውን ፎርማት አታድርጉት።