የጠላቂ ሰዓት የሚይዘው መዝገብ

ዛሬ የጠላቂ ሰዓት የሚባለው እጅ ላይ የሚታሰር ትንሽ ኮምፒውተር ነው። የውሃውን ግፊት እየለካ ጥልቀቱን ያሰላል። ከውሃ ከተወጣ በኋላም የሆነውን ሁሉ ይዞ ይቆያል። ይህ መዝገብ ሎግ ይባላል።

ድሮ ይህ አልነበረም። የስዊዘርላንዱ ሰዓት ሠሪ ብላንፓን በ1953 እ.ኤ.አ. ፊፍቲ ፋተምስ የተባለውን የጠላቂ ሰዓት ሲያወጣ፣ ሰዓቱ የሚናገረው ስንት ደቂቃ እንዳለፈ ብቻ ነበር። ጥልቀቱ በሌላ መለኪያ ይታያል፤ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚችል ጠላቂው ከሰንጠረዥ ያሰላል፣ ከወጣ በኋላም ደብተር ላይ ይጽፋል። በ1983 ኦርካ ኤጅ የተባለው የዳይቭ፣ ማለትም የመጥለቅ፣ ኮምፒውተር መጣ። የፊንላንዱ ሱንቶ ደግሞ በ1987 የራሱን አወጣ። መሣሪያው እያነሰ እያነሰ ሄዶ መጨረሻ ላይ ሰዓት ውስጥ ገባ።

አከፋፈቱ ከሰዓት ሰዓት ይለያያል። ሱንቶ ዲ4ን በመሰሉት ላይ ሞድ የሚለውን ቁልፍ እየተጫኑ ሜሞሪ ጋ መድረስ ነው፤ ሎግቡኩ እዚያ ነው ያለው። በላይና በታች ቁልፎቹ ከአንዱ ዳይቭ ወደ ሌላው ይኬዳል።

ስክሪኑ ላይ እንዲህ መጣ እንበል፦ ከፍተኛ ጥልቀት 18.4 ሜትር፣ ቆይታ 42 ደቂቃ፣ የውሃ ሙቀት 27 ዲግሪ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ቁጥሩን ለጓደኛው ያሳይና ይዘጋዋል። ዋናው ነገር ግን ቀጥሎ ያለው ግራፍ ነው። ሰዓቱ በየተወሰነ ሴኮንዱ ጥልቀቱን ነጥብ አድርጎ ያስቀምጣል። አንዱ ነጥብ 12 ሜትር ላይ፣ ከ20 ሴኮንድ በኋላ ያለው 5 ሜትር ላይ ከሆነ፣ ሰውዬው በደቂቃ 21 ሜትር ፍጥነት ወጥቷል ማለት ነው። የተለመደው ገደብ በደቂቃ 9 ወይም 10 ሜትር ነው። «ቀስ ብዬ ነው የወጣሁት» ብሎ ከልቡ የሚምል ሰው እንኳ ይህን ሲያይ ይደነግጣል። መደንገጡም ጥሩ ነው። 18 ሜትር ላይ ያለው ግፊት ከውሃው ወለል ሦስት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። በዚያ ግፊት ከሚተነፈሰው አየር ደም ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን፣ ሰውየው በጥድፊያ ከወጣ፣ ድንገት እንደተከፈተ ለስላሳ አረፋ ይሠራል። ስለዚህ ከግራፉ መጨረሻ ይጀመር። 5 ሜትር ላይ የ3 ደቂቃ እረፍት ካለ፣ መስመሩ እዚያ ጋ ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል።

የሚያደናግር ነገርም አለ። አንዳንድ ሰዓቶች ላይ ጠላቂው ብቅ ብሎ 5 ደቂቃ ሳይሞላው ተመልሶ ከገባ፣ ሁለቱ እንደ አንድ ዳይቭ ይመዘገባሉ። ሜሞሪው ሲሞላ ደግሞ አሮጌው ይጠፋል፤ ቀድሞ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ መገልበጥ ነው። በኪራይ ሰዓት ላይ ያለው ሎግ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። በአንድ ቀን ሰዓት መቀያየር ግን በጭራሽ አይገባም፤ ሰዓቱ የሚያሰላው የለበሰውን ሰው ናይትሮጅን ነው።

ጅቡቲ ጠልቆ ወደ አዲስ አበባ ለሚመለስ ሰው ሎጉ ሌላም ጥቅም አለው። ዳን የተባለው የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት ከመብረር በፊት ከአንድ ዳይቭ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከተደጋገመ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየትን ይመክራል። በበረራ ላይ የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ጋር ሊመሳሰል ይችላል። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ ሰውነት ሲያርፍም ዝቅ አይልም፤ በመኪና ለሚመጣም ሽቅብ መንገዱ ያው ነው። ጓዝ ከመሸከፍ በፊት የመጨረሻው ዳይቭ ስንት ሰዓት ላይ እንዳለቀ ከሎጉ ማየት ያስፈልጋል። የሚያሳየው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፦ 15:40 ካለ፣ በእኛ ከቀኑ 9:40 ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ የጠለቀ ሰው እስከ ማግስቱ ጠዋት 3:40 ድረስ ከባሕሩ አጠገብ ይቆይ።