የኒውተን ሦስተኛ ሕግ በወሎ እርሻ

ኃይል ምንጊዜም በሁለት አካላት መካከል ይፈጠራል። አንዱ ሌላውን ሲገፋ ወይም ሲስብ፣ ሁለተኛውም በዚያው ቅጽበት በእኩል መጠንና በተቃራኒ አቅጣጫ ይገፋዋል ወይም ይስበዋል። አይዛክ ኒውተን በ1687 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሦስተኛው የእንቅስቃሴ ሕግ ይህ ነው። ቀድሞ የሚገፋና ኋላ የሚመልስ የለም፤ ሁለቱም እኩል ጀምረው እኩል ያበቃሉ።

የወሎ ገበሬ ሞፈርና ቀንበር ሕጉን በደንብ ያሳያሉ። ጥንድ በሬዎች በቀንበሩ፣ በምራኑና በሞፈሩ በኩል ማረሻውን በ1000 ኒውተን (በሳይንቲስቱ ስም የተሰየመ የኃይል መለኪያ) ወደ ፊት ይጎትታሉ እንበል። ማረሻውም በሬዎቹን በ1000 ኒውተን ወደ ኋላ ይጎትታቸዋል። ታዲያ እንዴት ይሄዳሉ? ተማሪ የሚጠመደው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ኃይሎች የሚያርፉት በተለያዩ አካላት ላይ ስለሆነ አይጠፋፉም። የበሬዎቹን ጉዞ የሚወስነው በበሬዎቹ ላይ የሚያርፈው ብቻ ነው፦ በሰኮናቸው መሬቱን ወደ ኋላ ሲገፉ መሬቱ ወደ ፊት ይገፋቸዋል። ይህ ግፊት ከ1000 ኒውተን ከበለጠ ይፈጥናሉ፤ እኩል ከሆነ በያዙት ፍጥነት ይቀጥላሉ፤ ካነሰ ይዘገያሉ።

በክረምት በራሰ ዋልካ ላይ በሬ የሚያዳልጠው ጉልበት አጥቶ አይደለም። ጭቃው መልሶ መግፋት ስለማይችል ነው፤ መሬት የማይመልሰውን ኃይል በሬም ሊያሳርፍበት አይችልም። ማረሻው የተቀበረ ድንጋይ ሲነክስ ደግሞ ኃይሉ በሁለቱም ወገን አብሮ ይንርና ደካማው ክፍል ይለቃል፦ ምራኑ ይበጠሳል ወይም ሞፈሩ ይሰበራል። ልምድ ያለው አራሽ ድንጋዩን በእርፉ ስለሚሰማው ወዲያው በሬዎቹን ያቆማል።

ሌላው የተለመደ ስህተት በሕጉ የሚጣመሩትን የኃይል ጥንዶች ማምታታት ነው። መደብ ላይ የተቀመጠ 100 ኪሎ የማሽላ ጆንያን ምድር በ980 ኒውተን ትስበዋለች፣ መደቡም በ980 ኒውተን ወደ ላይ ይገፋዋል። እኩልና ተቃራኒ ቢሆኑም ጥንድ አይደሉም፤ ሁለቱም ያረፉት ጆንያው ላይ ነው። መደቡ ቢናድ ግፊቱ ይጠፋል፣ ስበቱ ግን እንዳለ ነው። የስበቱ ጥንድ ጆንያው ምድርን የሚስብበት 980 ኒውተን ነው፤ ምድር 6 ትሪሊዮን ጊዜ ትሪሊዮን ኪሎ ያህል ስለሆነች እንቅስቃሴዋ አይታይም።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው መንገድ መኪና ፍሬን ሲይዝ ጎማው አስፋልቱን ወደ ፊት ይገፋል፤ መኪናውን የሚያቆመው አስፋልቱ የሚመልሰው ሰበቃ ነው። ጎማው ተቆልፎ ከተንሸራተተ ሰበቃው ይቀንሳል። ስለዚህ ኤቢኤስ (ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከል የፍሬን ሥርዓት) በሌለው መኪና ፍሬኑን ለቀቅ አድርጎ መልሶ መያዝ ያስፈልጋል።