«ሴትና አህያ ዱላ ይወዳል»፦ ዱላው የማን ነው?

አዳማ ገበያ ዳር አንድ ባለጋሪ አህያውን እየደበደበ ይህን ተረት ሲወረውር፣ ቲማቲም የሚሸጡ አንዲት እናት ቀና ብለው «ልጄ፣ አህያዋን ጠይቀሃታል?» አሉት። ከዚያ ወዲህ አነጋገሩን በሌላ ጆሮ ነው የምሰማው።

ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ሴት ካልተመታች አትታዘዝም ማለት ነው። መነሻው የጭነት መንገድ ይመስለኛል። ዳውላ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣው አህያ የሚነዳው በዱላ ነው፤ ውሃና እንጨት አዝላ ያንኑ ዳገት የምትወጣው ደግሞ ሴት ናት። ያጎዳኛቸው ጠባያቸው ሳይሆን ሸክማቸው ነው። ተንኮሉ ግሡ ላይ አለ። «ይገባዋል» ቢል ተናጋሪው በተጠየቀ ነበር፤ «ይወዳል» ሲል ግን የመቺውን ፍላጎት ለተመቺዋ ሰጣት። ሰዋስዉም አላዘነላትም፤ ከአህያው ጋር ደባልቆ በአንድ የወንድ ግሥ አሰራት። (አለቃው ያበሸቀው ሰው ቤቱ ገብቶ ሚስቱን ሲመታ የሚሆን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚል የተሻለ ተረት እያለን!)

ሕጉም ለረጅም ጊዜ ከተረቱ ብዙ አልራቀም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ይደነግግ ነበር። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ብዙ የታገለለት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ወጣ፤ ኦሮሚያም የራሱን በ1995 አወጣ። በ1997 የጸናው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 564 የትዳር ጓደኛን ወይም አብሮ የሚኖርን ሰው አካልም ሆነ አእምሮ የሚጎዳ እንደሚቀጣ ለይቶ ጻፈ። አስገድዶ መድፈርን የሚመለከተው አንቀጽ 620 ግን «ከጋብቻ ውጭ» የምትል ቃል ይዞ ነው የወጣው፤ እዚያ ላይ የተረቱ ጥላ አልለቀቀም።

አዳማ ላይ ቆሞ ይህን መተረት ድፍረት ይጠይቃል። አዋሽን ተሻግሮ ያለው አርሲ የሲንቄ አገር ነዋ! ሲንቄ እናት ለልጇ በሰርጓ ዕለት የምትሰጣት ቀጥ ያለች በትር ናት። ባል ሚስቱን፣ በተለይ አራስ ሳለች ከመታ፣ እሪታ የሰሙ የአካባቢው ሴቶች በትራቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ቤቱም ልጁም ከብቱም ለወንዶቹ ይቀራል። አጥፊው ተፈርዶበት እስኪክስ ድረስ አይመለሱም።

እኔም የዚያን ዕለት ቲማቲሜን ስገዛ «እማማ፣ አገርዎ የት ነው?» አልኳቸው።

«አርሲ» አሉና ሚዛናቸውን አነሱ።